ብረቱ ላይ የነበረው ፎጣ

ፋርማሲስቱ እንደሚለው ነገሩ ግልጽ ነው። ሽማግሌው የዚያን ቀን ጠዋት ፎጣውን ብረቱ ላይ አልሰቀለም። ቤቱ ረስቶት መጣ፤ የሰቀለ መስሎት ውሃ ውስጥ ገባ። ሌሎቹ ዋናተኞች ሲወጡ እንደ ወትሯቸው ወደ ብረቱ አዩ፣ የየራሳቸውን ፎጣ አነሡ፣ ከዚያ ብረቱ ባዶ ሆነ። ብረቱ ባዶ ከሆነ ደግሞ ውሃ ውስጥ ሰው የለም ማለት ነው። ስለዚህ ወደየቤታቸው ሄዱ። "ማንም አላጠፋም፣ ያጠፋው ዕድሜ ነው" ይላል ፋርማሲስቱ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ። "ዛሬ እሳቸው ናቸው፣ ነገ ደግሞ እኔ።"

ሽማግሌው እንደሚለው ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይበልጥ ግልጽ ነው። ፎጣውን ሰቅሏል። ቢጫውን፣ አብራቸው ከምትዋኘው ጥርስ ሐኪም ነጭ የመታጠቢያ ጋውን አጠገብ። ነፋስ ስለነበረም ቋጥሮታል። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው የእጅ ፍሬን ሳይስብ ከመኪናው አይወርድም፤ እሱም ፎጣውን ሳይቋጥር ውሃ አይገባም። "እንግዲህ" ይላል፣ "የቋጠርኩት ፎጣ በራሱ ጊዜ ተፈትቶ፣ መንገድ ተሻግሮ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ በር ከፍቶ መታጠቢያ ቤት ከገባ፣ መመርመር ያለበት ፎጣው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።"

ችግሩ ፎጣው የተገኘው እዚያው መታጠቢያ ቤት፣ በሩ ጀርባ ላይ መሆኑ ነው። ያገኘችውም የገዛ ልጁ ናት።

ልጁ ብስክሌት ጠጋኝ ናት። ሱቋ ከቤታቸው ሥር፣ በምድር ቤቱ ነው፤ እሷና አባቷ የሚኖሩት ከሱቁ በላይ ባሉት ክፍሎች ነው። ከበራቸው ወጥቶ የእግረኛውን መንገድ የተሻገረ ሰው ሐይቁ ላይ ይደርሳል። በዚያ ሰፈር ሰው ቤቱን የሚፈልገው ለመተኛትና ጫማ ለመቀየር ብቻ ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ሯጮቹ ይወጣሉ፤ እነሱን ተከትለው ብስክሌተኞቹ፤ ከዚያ ውሻ ጎታቾቹ፣ ጎታቹ ውሻው ይሁን ሰውየው በቅጡ ባይለይም። ከሰዓት በኋላ ቀዛፊዎቹ ታንኳቸውን ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ሲመሻሽ መረብ ኳሱ ይጀመራል። አፍንጫው በፀሐይ ያልተላጠ ሰው ከታየ ወይ እንግዳ ነው ወይ ታሞ ከርሟል።

በመንገዱና በሐይቁ መሃል ደረት የሚደርስ የብረት አጥር አለ፤ "ብረቱ" የሚሉት እሱን ነው። የጠዋት ዋናተኞቹ ከሕግ ሁሉ የሚያከብሩት አንድ ሕግ አላቸው፤ ያወጣውም ፋርማሲስቱ ነው። ወደ ውሃ የሚገባ ሁሉ ፎጣውን ብረቱ ላይ ይሰቅላል። ሲወጣ ያነሣል። በመጨረሻ የወጣው ሰው ብረቱ ላይ አንድ ፎጣ እንኳ ካየ አይሄድም። ይቆማል፣ ይጠብቃል፣ ይጣራል፣ ካስፈለገም ተመልሶ ይገባል። ሕጉ ለዓመታት አንድም ቀን አልሳተም።

የዚያን ቀን ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ውሃውም ይናጣል። ሽማግሌው እንደ ልማዱ ሌሎቹ የሚመለሱበትን፣ በሰንሰለት ታስሮ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቀዩን በርሜል አልፎ ሄደ። ሲመለስ ስትራፖ እግሩን ጨምድዶ ያዘው። እንደ ምንም በርሜሉ ጋ ደረሰና ሰንሰለቱን ጨብጦ ተጣራ። ነፋሱ ድምፁን ወደ ኋላ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ያየውን ለልጁ የነገራት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ በአንድ ሲወጡ፣ ፎጣቸውን ሲያነሡ፣ ራሳቸውን ሲያደርቁ፣ ሲሳሳቁ አያቸው። ፋርማሲስቱ በመጨረሻ ወጣ፤ ብረቱን ከዳር እስከ ዳር አየና ሄደ። ሽማግሌውን ያገኙት የቀዘፋ ተለማማጆች ናቸው። ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጣቶቹ ሰንሰለቱን አንለቅም ብለው፣ አንድ በአንድ ነው ያላቀቋቸው።

ብስክሌት ጠጋኟ ሐኪም ቤት የሚለብሰውን ልብስ ልትወስድለት ወደ ቤት ስትሮጥ ነው ፎጣውን ያየችው። በሥርዓት ታጥፎ፣ ደረቅ ሆኖ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ተመልሳ ሄዳ በሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ ፋርማሲስቱና ታላቅ ወንድሟ በቆሙበት "ፎጣው ቤት ነው" አለች። ሳታስበው ነው ያለችው። ፋርማሲስቱ በረዥሙ ተነፈሰ፤ ከጫንቃው ላይ ሸክም የወረደለት ሰው አተነፋፈስ ነበር። የዚያን ቀን አልገባትም እንጂ፣ ኋላ ላይ ያ አተነፋፈስ ትዝ ባላት ቁጥር ደሟ ይፈላል።

ሽማግሌው ከሐኪም ቤት ሲመለስ መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ተከራከረ። ከዚያ ደግሞ፣ ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው፣ ዝም አለ።

ታላቅ ወንድሟ መመላለስ አበዛ። መብራት ኃይል ነው የሚሠራው፤ ከውሃው ርቆ፣ ሊፍት ባለው ፎቅ ላይ ይኖራል። እዚህ ሰፈር ተወልዶ አድጎ ዋና ያልተማረ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ልጅ ሳለ እኩዮቹ "ደረቁ" ነበር የሚሉት። አሁን በየማታው እየመጣ አባቱን ጮክ ብሎ፣ ቃላቱን እየለያየ ያናግረው ጀመር።

"አባባ። ዛሬ። ምን። ቀን። ነው?"

"ጆሮዬ ነው ወይስ ጭንቅላቴ የታመመው?" ይል ነበር ሽማግሌው በመጀመሪያዎቹ ቀናት። ኋላ ላይ ግን ቀኑን መመለስ ጀመረ፤ ከመመለሱ በፊትም ለአፍታ ያመነታል። ወንድሟ የወጥ ቤቱ ዕቃዎች ላይ ወረቀት ለጠፈ። ስኳሩ ላይ "ስኳር"፣ ጨዉ ላይ "ጨው"፣ ምድጃው ላይ በቀይ "አጥፋ!"። ብስክሌት ጠጋኟ ወረቀቶቹን ባየች ቁጥር አንድ ነገር በፒንሳ ይዛ መንቀል ያምራታል፤ ግን ወንድሟ ነው፣ ታላቋ ነው፣ የሚያደርገውም ለአባታቸው ብሎ ነው። ዋጥ አደረገችው።

አንድ ቀን ከሱቋ ወደ ቤት ስትወጣ አባቷን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ለራሱ ሲያንሾካሹክ ሰማችው። "ገበያው... ትምህርት ቤቱ... ድልድዩ... ሐኪም ቤቱ... የድሮው ፖስታ ቤት..." ዕድሜውን ሙሉ የነዳው የአውቶቡስ መስመር ፌርማታዎች ነበሩ። እየጠራቸው ሄደና የሆነ ቦታ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ከገበያው ጀመረ። አእምሮውን እየፈተነ ነው። ማስቲሽ የነካው እጇን አፏ ላይ ጭና በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ነገሩ ተወሰነ። ሽማግሌው ወንድ ልጁ ቤት ሊሄድ ነው። እሑድ ጠዋት ብረቱ ጋ ወጥቶ ዋናተኞቹን ይሰናበታል፣ ከዚያ በመኪና ይሄዳል። "የምትሉትን አደርጋለሁ" አለ ሽማግሌው፤ ያንን ቃል ከእሱ አፍ ሰምታ አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ጥርስ ሐኪሟ ሱቅ ገባች። ብስክሌቷን አልያዘችም፤ የያዘችው በፌስታል የተጠቀለለ ነጭ ጋውን ነው።

"አንቺ ቅባት አስለቃቂ! ይኼን ጉድ በምን ላስለቅቀው?"

ጋውኑን ጠረጴዛው ላይ፣ በካቻቢቴዎቹና በተፈታታው ፔዳል መሃል ዘረጋችው። ከጀርባው፣ ልክ ወገቡ ላይ፣ የእጅ ስፋት ያለው አረንጓዴ መስመር ጋውኑን ለሁለት ከፍሎታል።

"በቤንዚን ልሞክረው። ምንድን ነው?"

"ብረቱ ነዋ! የማዘጋጃ ቤት ሰዎች በዋዜማው አመሻሽተው ቀብተውት ሄደዋል። 'ቀለም ያልደረቀ' የሚለውን ወረቀት ነፋስ ወስዶታል። እኛ ምን እናውቃለን፣ በጨለማ መጥተን ሰቀልን። ስንወጣ ሁላችንም የሜዳ አህያ ሆነናል። ፋርማሲስቱማ ፊቱን ሳይቀር ጠርጎበት፣ አረንጓዴ ጢም አብቅሎ ነው ቤቱ የገባው። በሣቅ ሞትን።" ሣቋ መሃል ላይ ቆመ። "በኋላ ነው እንጂ የአባትሽን ነገር የሰማነው።"

"የዚያን ቀን ነው?"

"የዚያኑ ቀን። በማግስቱማ ደርቋል።"

"የሁላችሁም ፎጣ ነካው?"

"አንድም አልቀረ!"

ብስክሌት ጠጋኟ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። "ይቅርታ፣ አንዴ" ብላ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ቢጫው ፎጣ እንደተሰቀለ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም አልነካውም፤ አባቷ ሊያየው አይፈልግም፣ እሷም ለማጠብ እጇ እንቢ ብሏታል። አወረደችውና እጥፋቱን ገለጠችው።

አረንጓዴው እዚያ ነበር። እንደ ጥርስ ሐኪሟ ቀጥ ያለ መስመር አልነበረም። ቋጠሮ ነበር። ፎጣው ተጠምዝዞ የታሰረበት ሽብሽብ፣ ብረቱን ያቀፈበት ክብ፣ ጫፎቹ የተሳቡበት፣ ሁሉም ቀለሙ ውስጥ ደርቆ ቀርቷል። አባቷ ሰቅሎታል። ቋጥሮታልም። ከዚያ አንድ ሰው ፈትቶ፣ ቀለሙ በሩን እንዳይነካ ወደ ውስጥ አጥፎ፣ እዚህ ሰቅሎታል።

የዚህ ቤት ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ በርሜል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አንዷ ምድር ቤት የጎማ መንፊያው ሞተር እየጮኸባት ጎማ ስትነፋ ነበር።

ያኔ የዚያ ቀን ነገር ሁሉ ተግተልትሎ መጣባት። ለልብስ ስትሮጥ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያየችው የብርቱካን ፌስታል፤ ማን አመጣው ብላ እንኳ ያልጠየቀችው። ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ እያለቀሰች የያዘችው የወንድሟ እጅ፤ በአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር የነበረው አረንጓዴ። አይታዋለች። አይታው፣ አባቷ እየተንቀጠቀጠ ባለበት ሰዓት ስለ ጥፍር ማን ያስባል ብላ አልፋዋለች።

ከታች ጥርስ ሐኪሟ "ምነው ቀረሽ?" ብላ ተጣራች። ብስክሌት ጠጋኟ የመታጠቢያ ገንዳውን ጠርዝ ይዛ ቆማ ነበር፤ ካልያዘችው አንድ ነገር የምትሰብር መስሏታል።

ወንድሟ ከሰዓት በኋላ ባዶ ካርቶኖች ተሸክሞ መጣ። አባታቸው መኝታ ቤቱ ውስጥ ሸሚዝ እየለየ ነው። እሷ የወጥ ቤቱን በር ዘጋችና ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ፎጣ ነዋ፣ ሚጡዬ። የአባባ ፎጣ።"

ዘረጋችው። "ይኼስ?"

አረንጓዴውን አየው። ከዚያ እጁን አየ፤ እስካሁን ያልለቀቀው መስሎት ይሆናል። ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ፤ ባዶ ካርቶን ነበርና ከሥሩ ተጨፈለቀ፤ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቀረ። በሌላ ቀን ቢሆን በሣቅ ትፈርስ ነበር።

"ዝናብ ሊመጣ ነበር" አለ።

አረንጓዴውን በጣቷ ጠቆመችው።

"ወደ ሥራ ስሄድ ብርቱካን ላደርስ ገባሁ። በመስኮት ሳይ ፎጣው ብረቱ ላይ ነው፣ ደመናው ደግሞ ደርሷል። እሱ ከዚያ ብርድ ሲወጣ የበሰበሰ ፎጣ ሊለብስ ነው አልኩ። ወርጄ ፈታሁት። ቀለም ነካኝ። እየተራገምኩ አመጣሁት፣ አጥፌ ሰቀልኩለት። በቃ ይኼው ነው! የዋናተኞቹን ሕግ በምን አውቄ? እኔ እዚህ ውሃ ውስጥ እግሬን ነክሬ አውቃለሁ?"

"የሁሉንም ብታነሣ ኖሮ ይነቁ ነበር።"

"የሰው ፎጣ ምን አገባኝ?"

እስከዚህ ድረስ አመነችው። ወንድሟን ታውቀዋለች፤ ልጅ ሳለች ዝናብ ሲጥል ትምህርት ቤት ድረስ ጃንጥላ ይዞ የሚመጣው እሱ ነበር። ያቃጠላት ያ አልነበረም።

"መቼ ገባህ?"

ወለሉን አየ። "ሐኪም ቤት። ፋርማሲስቱ ሲያወራ።"

"እና ዝም አልክ።"

"ልናገር ነበር። ከዚያ አንቺ መጣሽና ፎጣው ቤት ነው አልሽ። ሰው ሁሉ 'አሃ' አለ። ከዚያማ... ነገሩ በራሱ ሄደ።"

"በራሱ አልሄደም! አንተ ነህ የነዳኸው!" ድምፅዋ ከፍ ሲል ወደ መኝታ ቤቱ አየችና ጥርሷን ነክሳ ዝቅ አደረገችው። "ስኳር ላይ ስኳር ብለህ የለጠፍከው አንተ ነህ። ቀኑን እንደ ሕፃን የምትጠይቀው አንተ ነህ። የማስታወስ ምርመራ ብለህ ሐኪም ፊት አስቀምጠህ ሰዓት ያስሣልከው አንተ ነህ። ዓይንህን በጨው አጥበህ! ያልረሳ ሰው መሆኑን እያወቅህ!"

"ቢሰምጥስ?" አለ፤ አሁን እሱም ተነሥቶ ነበር። "ስትራፖውን እኔ አመጣሁበት? በዚህ ዕድሜው በርሜል አልፎ የሚሄደው እኔ ልኬው ነው? ዛሬ ባይሰምጥ ነገ ይሰምጣል! እኔ ጋ ቢሆን ቢያንስ በሕይወት ይኖራል። አዎ፣ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት አባቴ እንዳይሞትብኝ ነው።"

"ጭንቅላቱን ቀምተኸው?"

"እሺ፣ እንንገረው። ምን ይጠቅመዋል? ረሳሁ ብሎ ቢኖር ይሻላል ወይስ ልጄ ሊገድለኝ ነበር ብሎ?"

ውሸት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ወንድሟ የፈራው ፍርሃት እሷም በየጠዋቱ የምትፈራው ነው። ከመኝታ ቤቱ የአባታቸው ድምፅ ተሰማ።

"ገበያው... ትምህርት ቤቱ... ድልድዩ... ሐኪም ቤቱ... የድሮው ፖስታ ቤት..." ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደሚለማመጥ ሰው፦ "ገበያው... ትምህርት ቤቱ..."

ወንድሟ ፊቱን አዞረ።

"ሰማህ?" አለችው። "በየቀኑ ነው። አንተ በሌለህበት ሰዓት ይኼን ነው የሚሠራው። እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ አለህ። ወይ አንተ ትነግረዋለህ ወይ እኔ።"

"ሚጡ..."

"ሚጡ አትበለኝ።"

ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራው ጋሼ እያለች ነበር፤ አሁን ቃሉ ከአፏ አልወጣም። እንደ ጠፋ ሁለቱም አወቁ።

እሑድ ጠዋት ዋናተኞቹ ብረቱ ጋ ተሰበሰቡ። የአየሩ ማማር የሰውን ቁጣ የሚያባብስ ዓይነት ነበር፤ ውሃው እንደ መስታወት ረግቷል፣ ሯጮቹ "እንደምን አደራችሁ" እያሉ ያልፋሉ። ወንድሟ መኪናውን ከሱቁ በር ላይ አቁሟል፤ ካርቶኖቹ ኋላ ወንበር ላይ ናቸው። ማታውን ሙሉ ለአባቱ አንዲት ቃል አልተናገረም። ጠዋት ሻይ ሲጠጡም አልተናገረም። እሷ ፎጣውን በሥራ ቦርሳዋ ይዛለች።

ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱም ሁለት ጊዜ ብረቱን ሳያይ አይሄድም። ግን የያዘው ስጦታ ሪባን የታሰረበት የሚታጠፍ ወንበር ነበር።

"ጋሽ ሾፌር" አለ ፋርማሲስቱ፣ እሱም እንደ ወንድሟ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ልጅዎን ይዘው ሊጠይቁን ሲመጡ እዚህ ዳር ላይ፣ በዚህ ወንበር ተቀምጠው እንዲያዩን ብለን ነው። ከሁላችንም።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ ሽማግሌው። ወንበሩን ተቀበለ። ወዴት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገብቶት እንደያዘው ቆመ። "እኔም... እንግዲህ ያስቸገርኳችሁን ይቅር በሉኝ። ከእኔ ጋር ተጨቃጨቃችሁ። ሰቅያለሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። አሁን ሳስበው... ረስቼው ነው መሰለኝ።"

ብስክሌት ጠጋኟ ወንድሟን አየችው። ጫማውን ነው የሚያየው። ጠበቀችው። አንድ ብስክሌተኛ ደወሉን እያሰማ አለፈ። አሁንም ጫማውን ነው የሚያየው።

ቦርሳዋን ከፈተች፣ ፎጣውን አወጣች፣ በሰዎቹ መሃል አልፋ ሄዳ በደረቀው ቀለም ሽብሽብ ልክ እያጠፈች ብረቱ ላይ ቋጠረችው። ቀለሙ ጨርቁን ድርቅ አድርጎት ስለነበር ብዙም አላስቸገራትም፤ እያንዳንዱ እጥፋት የድሮ ቦታውን አገኘ፤ አረንጓዴው ከአረንጓዴው ብረት ጋር ገጠመ።

"ኑ እዩ" አለች። "ኑ፣ ሁላችሁም እዩ!"

"ወይ ጉድ!" አለች ጥርስ ሐኪሟ አጎንብሳ። "የእኔው አረንጓዴ!"

ፋርማሲስቱ መነጽሩን ወለወለ፣ አደረገ፣ አየ፣ እንደገና አውልቆ ወለወለ። ጆሮው ቀላ። "ይኼማ... የዚያን ቀን ቀለም ነው። ታዲያ ማን..."

"እኔ ነኝ" አለ ወንድሟ።

እንደ ማንሾካሾክ ነበር የወጣው፤ ቢሆንም ሁሉም ሰሙት። "ዝናብ ሊመጣ ነበር። እንዳይበሰብስበት ብዬ ፈትቼ ቤት ወሰድኩት። ሕጋችሁን አላውቅም ነበር። ሳውቅ ደግሞ... ሳውቅ አልተናገርኩም። እኔ ጋ እንዲመጣልኝ ፈልጌ አልተናገርኩም።"

ሽማግሌው ወንበሩን እንደያዘ ልጁን ረዥም ጊዜ አየው።

"ቋጥሬው ነበር?"

"አዎ፣ አባባ።"

"አጥብቄ?"

"አጥብቀህ ነበር። ለመፍታት አስቸግሮኛል።"

ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ። "ገበያው" አለ። "ትምህርት ቤቱ። ድልድዩ። ሐኪም ቤቱ። የድሮው ፖስታ ቤት።" ቆመ። "ዱቄት ፋብሪካው። ኳስ ሜዳው። መጨረሻ፣ ሁሉም ይውረድ!"

ማንም አልሣቀም። ዓይኑን ሲገልጥ ሴት ልጁ ድሮ የምታውቀው ቁጣ ተመልሶ ነበር፤ ያለ ፌርማታ ለመውረድ የሚጮኽ ተሳፋሪን በመስታወት ሲያይ የነበረው ዓይነት። መጀመሪያ የዞረው ወደ ፋርማሲስቱ ነው።

"አንተ። ስጠራህ በርሜሉ ላይ ነበርኩ። ዞር ብትል ታየኝ ነበር። አንተ ግን ያየኸው ብረት ነው። እናንተ የምትቆጥሩት ጨርቅ ነው እንጂ ሰው አይደለም! ስገባ አላያችሁኝም? አብረን አይደል የገባነው? አንድ ሰው 'ሽማግሌው የት ሄደ' ለማለት ፎጣ ያስፈልገዋል?"

"ልክ ነዎት" አለ ፋርማሲስቱ።

"በዚያ ላይ ወንበር!" ሽማግሌው ወንበሩን ከነሪባኑ ደረቱ ላይ ጫነለት። "ውሰድ። አንተ ተቀመጥበት።"

ከዚያ ወደ ወንድ ልጁ ዞረ። ልጁ እንደ ተማሪ እጁን ወደ ታች ጥሎ ቆሟል። ሽማግሌው ወደ እሱ ሲራመድ ብስክሌት ጠጋኟ የሚመታው መስሏት አንድ እርምጃ ጠጋ አለች። አልመታውም። ብረቱ ላይ ያለውን ቋጠሮ ፈታ፣ ፎጣውን አንድ ጊዜ አራገፈ፣ በልጁ ክንድ ላይ አኖረው።

"አባባ፣ እኔ እኮ..."

"ዝም በል። እስካሁንም ዝም ስትል ነበር፣ ዛሬ ምን አስቸኮለህ? ዛሬ የምናገረው እኔ ነኝ።" ሽማግሌው ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ካርቶኖቹን መልስ። የትም አልሄድም። ነገ ጠዋት እዚህ ውሃ ውስጥ እገባለሁ፤ በርሜሉ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፣ አላልፈውም፣ ይኼን ለአንተ ስል ነው። ፎጣዬን ግን ከእንግዲህ ብረት ላይ አልሰቅልም። አንተ ክንድ ላይ ነው የምሰቅለው። በየጠዋቱ ከሥራህ በፊት መጥተህ እዚህ ትቆማለህ፤ ወንበር የለም፣ ቆመህ ነው፤ ከውሃው እስክወጣም ዓይንህን ከእኔ ላይ አታነሣም። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ትበሰብሳለህ።"